ሙያ በልብ ብቻ ሲቀር

እ.አ.አ. በ1933 ቺካጎ ከተማ ውስጥ «የአንድ ምዕተ ዓመት ዕድገት» የተባለ የዓለም ኤግዚቢሽን ተከፈተ። ጊዜው የኢኮኖሚ ድቀቱ የበረታበት፣ ሥራ አጡ ለዳቦ ተሰልፎ የሚውልበት ነበር። ሲርስ የተባለው ትልቅ የንግድ ድርጅት በዚያው ዓመት ለአሜሪካ ሴቶች ጥሪ አቀረበ፦ በእጃችሁ የሠራችሁትን ብርድ ልብስ ለውድድር ላኩ። የአንደኛዋ ሽልማት 1,200 ዶላር ነው። ብዙ ቤተሰብ በዓይኑ አይቶት የማያውቀው ገንዘብ ነበርና በጥቂት ወራት ውስጥ ከ24,000 በላይ ብርድ ልብሶች ጎረፉ።

አሸናፊ ሆና የተመረጠችው ማርጋሬት ሮጀርስ ኬደን የምትባል የኬንታኪ ግዛት ሴት ናት። ሌክሲንግተን ከተማ ውስጥ ሱቅ ነበራት። ባለኮከቡ አረንጓዴ ብርድ ልብስ ለሕዝብ ታየ፣ ተደነቀ፤ በኋላም ለፕሬዚዳንቱ ባለቤት ለኤሊኖር ሩዝቬልት ተበረከተ።

ኬደን ግን በዚያ ብርድ ልብስ ላይ አንዲት ስፌት አላሳረፈችም። ጨርቁን ቆርጠው የገጣጠሙት፣ በመርፌ የሰፉት፣ ጠርዙን የጨረሱት በክፍያ የምታሠራቸው ሴቶች ነበሩ። ከሽልማቱ አልተካፈሉም፤ የደረሳቸው የተለመደችው የእጅ ዋጋቸው ብቻ ናት። ለምን ዝም አሉ ቢባል መልሱ ቀላል ነው፤ በዚያ የችግር ዘመን አሠሪን ከማጋለጥ እንጀራን መጠበቅ ይሻላል። ታሪኩ በሰፊው የታወቀው ሁለት የብርድ ልብስ ታሪክ አጥኚዎች በ1993 መጽሐፍ ሲያሳትሙ ነው፤ ከ60 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ብርድ ልብሱ ራሱ እስከ ዛሬ የት እንደገባ አልታወቀም።

ይህ የአሜሪካ ወሬ ለቡሬ ሰው ምኑ ነው ሊባል ይችላል። ብዙ ነገሩ ነው።

🔹 ቡሬ እና የጨርቅ መንገድ

እዚህ ላይ የሚነሳው የጎጃሙ ቡሬ አይደለም፤ የኢሉባቦሩ ነው። ከጋምቤላ ቆላ ተነስቶ ወደ ጎሬና መቱ የሚወጣ መንገደኛ ዳገቱን ጨርሶ ደጋ ሲረግጥ የሚያገኘው ቡሬ። በ1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት ውል መሠረት በባሮ ወንዝ ላይ የንግድ ጣቢያ ሲፈቀድ ይህ ዳገት የዓለም ገበያ በር ሆነ። ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ ከካርቱም የሚመጡ የእንፋሎት መርከቦች ጋምቤላ ይደርሱ ነበር። ቡናው፣ ሰሙና ቆዳው በበቅሎና በሰው ጫንቃ ወደ ታች ይወርዳል፤ ጨውና የፋብሪካ ጨርቅ ደግሞ ወደ ላይ ይወጣል።

የፋብሪካ ጨርቅ ያን ጊዜ ቀላል ነገር አልነበረም። የአሜሪካ መልእክተኛ ሮበርት ስኪነር በ1896 ዓ.ም. አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ከምኒልክ ጋር የንግድ ውል ሲፈራረም ከዋና ዋና ጉዳዮቹ አንዱ በአገራችን ገበያ የተወደደው የአሜሪካ አቡጀዲ ነበር። በአንድ ዘመን የአሜሪካ ፋብሪካዎች ጨርቃቸውን ወደ እኛ ሲልኩ የአሜሪካ ሴቶች ደግሞ ማታ ማታ በኩራዝ ብርሃን ቁርጥራጭ እየገጣጠሙ ብርድ ልብስ ይሰፉ ነበር።

የእኛው ብርድ ልብስ ሌላ ታሪክ አለው። በምዕራብ ኦሮሚያ ደጋዎች ክብር ያለው ልብስ ቡልኮ ነው፤ በአፋን ኦሮሞ ቡሉኮ ይባላል። ወፍራም፣ ከባድ፣ ከብርድ የሚያስጥል፤ አዛውንቱ ተደርቦ ሸንጎ የሚቀመጥበት፣ ለተከበረ ሰው በስጦታ የሚሰጥ። ሰሜንና መሃል አገር ጋቢ የሚይዘውን ቦታ እዚያ ቡልኮ ይይዘዋል።

ይህ ልብስ ስንት እጅ እንደሚያልፍ እንቁጠር። ጥጡ ይለቀማል። በድንጋይና በብረት መዳመጫ ፍሬው ይወጣል። በደጋን ይነደፋል። ተጠቅልሎ አመልማሎ ይሆናል። ሴቲቱ በእንዝርት ትፈትለዋለች፤ ድሩ ጠንክሮ፣ ማጉ ለስልሶ ይወጣል። ልቃቂቱ ሲበዛ ወደ ሸማኔው ይሄዳል። ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ መወርወሪያውን ከግራ ቀኝ ይወረውራል። ከዚያ በኋላ ሰፊው አለ፣ አጣቢው አለ። ፈታይዋ የምትፈትለው ቤት ጠርጋ፣ ውሃ ቀድታ፣ እንጀራ ጋግራ በተረፋት ሰዓት ነውና የአንድ ልብስ ፈትል ብዙ ወር ይበላል።

ገበያ ላይ ሲደርስ ግን ልብሱ የማን ነው? የነጋዴው ነው። «የእገሌ ሱቅ ጋቢ» ይባላል። የፈታይዋን ስም የሚጠይቅ የለም።

🔹 ስድብ የሆነ ሙያ

ስም አለመጠየቁ ያለ ምክንያት አልመጣም። በአገራችን የእጅ ሙያ ለዘመናት በስድብ የተከበበ ነበር። ብረት ቀጥቃጩ «ጠይብ»፣ ቆዳ ለፊው «ፋቂ»፣ ሸማኔው «ቁጢት በጣሽ» ሲባል ኖሯል። ነገሩ መንግሥትን እስከማሳሰብ ደርሶ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ ትልቅ ነው፤ ነገር ግን አዋጅ ስድብን ሊከለክል ይችላል፤ ክብርን ግን በአዋጅ መስጠት አይቻልም። ክብር የሚሰጥበት ሌላ አደባባይ ያስፈልጋል።

ቋንቋችንም ይመሰክርብናል። ደረተ ማለት ቁርጥራጭ ጨርቅ እያደራረበ ሰፋ ማለት ነው። ከዚህ የወጣው ስም «ድሪቶ» ነው። ድሪቶ የድሃ ልብስ፣ የማጣት ምልክት፣ አልፎም ስድብ ነው፤ ዛሬ አንድን መጣጥፍ ማናናቅ የፈለገ ሰው «የሐሳብ ድሪቶ» ይላል። አሜሪካኖች «ኩዊልት» የሚሉት ብርድ ልብስ ግን በአሠራሩ ከድሪቶ ብዙ አይርቅም፤ ከላይ የተገጣጠመ ቁርጥራጭ፣ ከሥር ሌላ ጨርቅ፣ መሃሉ ጥጥ፣ ሦስቱንም የሚያያይዝ የመርፌ ስፌት። አንዱ ዘንድ የድህነት ምልክት የሆነው ሌላው ዘንድ ሙዚየም ገባ። በመሃሉ ያለው ልዩነት ምንድን ነው?

አንዱ መልስ አደባባይ ነው። ትርኢትና ውድድር።

🔹 የወይዘሮዋ ድፍረት

የአሜሪካ የገጠር ትርኢት አባት ተብሎ የሚጠራው ኤልካና ዋትሰን ነው። በ1807 ፒትስፊልድ በምትባል የማሳቹሴትስ ከተማ አደባባይ፣ ዛፍ ሥር ሁለት መሪኖ በጎች አስሮ ለሕዝብ አሳየ። ሰው ለማየት ሲጎርፍ ጊዜ ነገሩ ገባው፤ ሁለት በግ ይህን ያህል ሰው ከሰበሰበ የአገሩ ከብትና ምርት ሁሉ ቢሰበሰብስ? ከዚያ በኋላ የገበሬዎች ማኅበር አቋቁሞ በየዓመቱ ትርኢትና ሽልማት ያዘጋጅ ጀመር።

ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ሴቶች ቤት የፈተሉትንና የሸመኑትን እንዲያመጡ፣ ለበለጠችውም ሽልማት እንዲሰጥ አደረገ። ጨርቁ ተዘርግቶ ሴቶቹ ግን ቀሩ። ሰው ፊት ወጥቶ «ይህ የእኔ ሥራ ነው» ማለት አሳፈራቸው። ዋትሰን ያገኘው መላ ባለቤቱን አስጠርቶ ከጨርቁ ዘንድ ማቆም ነበር። እሷ ስትታይ ሌሎቹ ተከተሉ፤ አዳራሹ ሞላ።

ይህን ያነበበ ኢትዮጵያዊ ፈገግ ሳይል አይቀርም። ይሉኝታ የእኛ ብቻ ይመስለን ነበርና። «ሙያ በልብ ነው» ብለን ያደግን ሰዎች ነን። ተረቱ ጉራን ለመግታት የተባለ መልካም ምክር ነው፤ ዳሩ ግን ሙያ በልብ ብቻ ሲቀር አፍ ያለው ሰው መጥቶ ስሙን ይለጥፍበታል። ኬደን ያደረገችው ይህንኑ ነው።

ተቃራኒውን የምታሳየን ሃሪየት ፓወርስ ናት። በ1837 በጆርጂያ ግዛት በባርነት ተወለደች። ነፃ ከወጣች በኋላ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችን በጨርቅ ቁራጭ እየሣለች አንድ ብርድ ልብስ ሠራች፤ አዳምና ሔዋን፣ ቃየልና አቤል፣ የያዕቆብ ሕልም፣ ስቅለቱ። በ1886 አቴንስ ከተማ በተደረገው የጥጥ ትርኢት ላይ አቀረበችው። ጄኒ ስሚዝ የምትባል የሥዕል መምህርት አየችውና ልግዛሽ አለች፤ ፓወርስ እንቢ አለች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ችግር ሲጠና ራሷ ሄዳ 10 ዶላር ጠየቀች፤ የተከፈላት 5 ዶላር ነው።

5 ዶላር! ዛሬ ያ ብርድ ልብስ በዋሽንግተን በአሜሪካ ብሔራዊ የታሪክ ሙዚየም ይገኛል። ዋጋው ግፍ ቢሆንም ከሌክሲንግተኗ ታሪክ የሚለየው አንድ ነገር አለ። ፓወርስ ልብሱን ስታስረክብ የእያንዳንዱን ሥዕል ትርጉም ተናገረች፤ መምህርቷም ጻፈችው። ከዚያም በኋላ ፓወርስ የእጇን ሥራ ለማየት እየተመላለሰች ትመጣ ነበር። ስሟና ቃሏ ከጨርቁ ጋር አብረው ስለተመዘገቡ ዛሬ ልጆች በትምህርት ቤት ስለ እሷ ይማራሉ።

🔹 ትርኢት ያለ ደንብ ገበያ ነው

ከነዚህ ታሪኮች በኋላ የብርድ ልብስ ትርኢት በአሜሪካ እየጠነከረ ሄደ። የሂውስተኑ ፌስቲቫል ከ1970ዎቹ ጀምሮ፣ በኬንታኪ የፓዱካ ከተማው ውድድር ደግሞ ከ1985 ጀምሮ በየዓመቱ ይካሄዳል። ልብ ማለት የሚገባው የደንቡን ነገር ነው።

ተወዳዳሪ አስቀድማ ቅጽ ትሞላለች፤ ልብሱን ማን ቆርጦ እንደገጠመው፣ ማን እንደሰፋው ትጽፋለች። ሁለት ሰው ከሠራው የሁለቱም ስም ይገባል። ንድፉ ከሌላ ሰው የተወሰደ ከሆነ ምንጩ ይጠቀሳል። ከልብሱ ጀርባ በላይኛው ጠርዝ በኩል 4 ኢንች ገደማ ስፋት ያለው የጨርቅ ቱቦ ይሰፋል፤ ማንጠልጠያው ዘንግ በዚያ ያልፋል፣ ልብሱም ሳይወጠርና ሳይቀደድ ይሰቀላል። ከጀርባው በታችኛው ጥግ ደግሞ የሠሪዋ ስም፣ ከተማና ዓመት የተጻፈበት ትንሽ ጨርቅ ይሰፋል። ልብሱ ከመላኩ በፊት ይጸዳል፤ የተንጠለጠለ ክር ይቆረጣል፤ የእርሳስ ምልክት ይጠፋል።

ዳኞች ሲመጡ ስሙ ይሸፈናል፤ የሚያዩት ቁጥር ብቻ ነው። ጠርዙ ቀጥ ብሏል ወይ? አራቱ ማዕዘኖች እኩል ናቸው? ሲሰቀል ይሞገዳል ወይስ ረግቶ ይወርዳል? የኮከቡ ጫፍ ተቆርጧል ወይስ ሹል ሆኖ ቀርቷል? ቋጠሮዎቹ ተደብቀዋል? የእጅ ስፌቱ ጥቅጥቅና እኩል ነው? የሰለጠነች እጅ በአንድ ኢንች ውስጥ 10 ስፌት ታሳርፋለች። ብዙ ትርኢቶች ላይ ላላሸነፈችውም ቢሆን የዳኞች አስተያየት በጽሑፍ ይደርሳታል፤ በሚቀጥለው ዓመት አሻሽላ ትመጣለች። ልብሱ በሽልማት ገንዘብ ለሙዚየም የሚቀር ከሆነም ይህ አስቀድሞ በደንቡ ተጽፏል። አሸናፊዋ ከፈለገች ገንዘቡን ትታ ልብሷን ይዛ ትሄዳለች።

ስም ብቻውን ሁሉን ይፈታል ማለት አይደለም። በአላባማ ግዛት ጊስ ቤንድ የሚባል የጥቁር ገበሬዎች መንደር አለ። ሴቶቹ ከአሮጌ የሥራ ልብስና ከስኳር ጆንያ ጭምር ብርድ ልብስ ይሰፉ ነበር፤ እውነተኛ ድሪቶ። በ2002 ሥራቸው በሂውስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ቀጥሎም በኒው ዮርክ ታየና ዓለም ጉድ አለ። በ2006 የአሜሪካ ፖስታ 10 ቴምብሮች አሳተመላቸው። በዓመቱ ግን ከሴቶቹ ጥቂቶቹ «በስማችንና በንድፋችን የተገኘው ገንዘብ አልደረሰንም» ብለው ክስ መሠረቱ፤ ጉዳዩ በ2008 በስምምነት ተዘጋ። ስም ያለ ውል ግማሽ መንገድ ነው።

🔹 ቡናው የተማረውን ጨርቁ አልተማረም

አሁን ወደ ኢሉባቦር እንመለስ። «እነሱ ሀብታም ናቸው፣ ይህ ለእኛ ቅንጦት ነው» የሚል ክርክር መነሳቱ አይቀርም። ክርክሩን የሚያፈርሰው ግን በቡሬ ደጃፍ የበቀለው ቡና ነው።

ቡናችን ለዘመናት ስም አልባ ነበር። ከገበሬው ጓሮ ወጥቶ ከሌላው ጋር ተደባልቆ በነጋዴ ስም ይሸጣል። በ1997 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ይርጋጨፌን፣ ሐረርንና ሲዳሞን በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጋ ለማስመዝገብ ስታመለክት ብዙ ሰው አልገባውም ነበር። ስታርባክስን ከሚያህል ኩባንያ ጋር ክርክር ተገባ፤ በ1999 ዓ.ም. ስምምነት ተደረሰ። የቦታ ስም ዋጋ እንዳለው አገር ተማረ።

ቀጥሎ የመጣው የሰው ስም ነው። በ2012 ዓ.ም. «ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ» የተባለው የቡና ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ በኢትዮጵያ ሲካሄድ ከ1,400 በላይ ናሙናዎች ቀረቡ። ቀማሾቹ የሚያዩት ስም አልነበረም፤ ቁጥር ነበር። ውጤቱ ሲገለጥ የሲዳማው አርሶ አደር ንጉሤ ገመዳ አንደኛ ወጣ፤ ቡናው በጨረታ በፓውንድ ከ180 ዶላር በላይ ተሸጠ። ያ ገበሬ የዚያን ዓመት ቡናውን የለቀመው እንደ አምናው ነው ብንል እንኳ ከአምናው የተለየው ነገር ግልጽ ነው፤ የተደበቀ ቁጥር፣ የሠለጠነ ዳኛ፣ በመጨረሻም ጮክ ብሎ የተነበበ ስም። ስንት ሺህ ገበሬ በማግሥቱ ቡናውን በጥንቃቄ መልቀም እንደጀመረ መገመት አይከብድም።

ፓዱካ ላይ ለብርድ ልብስ የሚሠራው ደንብ አገራችን ላይ ለቡና ሠርቷል። ለቡልኮ፣ ለጋቢ፣ ለሰፌድና ለመሶብ የማይሠራበት ምክንያት የለም።

ዛሬ በየከተማው ባዛር ይከፈታል። ድንኳን ይተከላል፣ ሙዚቃ ይለቀቃል፣ ሪባን ይቆረጣል። ባነሩ ላይ የመክፈቻው ባለሥልጣን ስምና ማዕረግ በትልቁ ይጻፋል፤ የስፖንሰሩ ምልክትም አለ። ድንኳኑ ውስጥ የተሰቀለው ጋቢ ላይ ግን ያለው ጽሑፍ ዋጋው ብቻ ነው። የፈተለችው ሴት ማን ናት? ሸማኔውስ? በስንት ጊዜ ተሠራ? ሻጩን ብትጠይቁ ብዙ ጊዜ «ከማኅበር ነው» ይላችኋል። ገዢው ተከራክሮ ዋጋ ያስቀንሳል፤ የወር ድካም እንደ ሽንኩርት ይመዘናል። አጠገቡ የተደረደረው ከውጭ የገባ የፋብሪካ ብርድ ልብስ ረከስ ስለሚል በዚህ ሚዛን ሁልጊዜ ያሸንፋል። የዛሬ መቶ ዓመት በቡሬ ዳገት አቡጀዲ ሽቅብ ሲወጣ የጀመረው ፉክክር ነው፤ በዋጋ ብቻ ከተወዳደርን ያን ጊዜም ዛሬም ተሸናፊዋ ፈታይዋ ናት።

መድኃኒቱ ውድ አይደለም። በልብሱ ጥግ የሁለት ጣት ስፋት ያላት ጨርቅ ትሰፋ፤ ፈታይ እገሊት፣ ሸማኔ እገሌ፣ ቡሬ፣ ዓመተ ምሕረት። ዳኞች ከነባር ሸማኔዎችና ፈታዮች መካከል ይመረጡ፤ ልብሱን በቁጥር ብቻ ይዩት። የድሩን እኩልነት፣ የጠርዙን መርጋት፣ የጥለቱን አገባብ መርምረው ለተሸናፊው ጭምር ምክንያቱን ይንገሩት። ሽልማቱ ለሁሉም እጅ ይከፈል። ሥራው ፎቶ ተነስቶ ለሌላ ንግድ የሚውል ከሆነ ውል ይጻፍ። ይህን ለማድረግ የወረዳ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት፣ አንድ መዝገብና ጥቂት ቅን ዳኞች ይበቃሉ። ለሪባኑና ለድንኳኑ የሚወጣው ገንዘብ ከዚህ ይበልጣል።

የሌክሲንግተን ሴቶች ስማቸው መጽሐፍ ላይ እስኪሰፍር 60 ዓመት ፈጀ፤ ያን ጊዜ ሥራቸውን ማየት የሚፈልግ ሰው ብርድ ልብሱን የሚያገኝበት ቦታ አልነበረም። የእኛ ፈታዮች ግን ዛሬ አሉ። እንዝርት የሚያሾሩ እናቶች በየቀበሌው አሉ። ልጆቻቸው ሙያውን የማይወርሱት ስንፍና ይዟቸው አይደለም፤ እናታቸው ዕድሜዋን ሙሉ ስትፈትል ስሟ አንድ ቀን እንኳ ሲጠራ አልሰሙም።

የሚቀጥለው ባዛር ሲከፈት ድንኳኑ ውስጥ የሚገባ ሁሉ ዋጋ ከመጠየቁ በፊት አንድ ጥያቄ ያስቀድም፦ ይህን ማን ሠራው? ሻጩ መመለስ ሲያቅተው ያፍራል። ካፈረ በሚቀጥለው ዓመት ስሙን ይዞ ይመጣል።